ከጨረቃ ድንጋይ የተጨመቀ ውሃ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። የሚወቀስ ሙት አለ። ዶክተር አጥናፉ አንዱ ነው፤ እኔ ካልወቀስኩት ደግሞ የሚወቅሰው የለም፤ ቀብሩ ላይ የተነበበለት የሕይወት ታሪክ እውነት ሆኖ ሊቀር ነው።

ማረፉን የሰማሁት ወደ ሽሮ ሜዳ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የድሮ ባልደረባዬ ስልኩን እያየ፣ «የጨረቃው ዶክተር አረፉ እኮ» አለኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ከልቤ እንዳልነበር እግዜርም ባልደረባዬም ያውቃሉ። ቀብሩ ላይ ግን ሄድኩ፤ ብቀር የሚወራው ስለ እኔ ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን ከጨረሱ በኋላ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ትውልዱን፣ ትምህርቱን፣ የኖረባቸውን አገሮች ዘረዘረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በጨረቃ ድንጋይ ውስጥ ውሃ ያገኙ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበሩ» አለ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት፣ «ወይ ጥበብ፤ ሞት እንዲህ ያለውን ሰው ነው መርጦ የሚወስደው» አሉ። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ቆየሁ። ቀና ብል ወይ ሳቄ ወይ ንዴቴ ያመልጠኝ ነበር።

ያ ውሃ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በሕይወት ሳለ «እርስዎ» እያልኩት ኖሬአለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። አንቱታው አብሮት ተቀብሯል።

የምሠራበት የምርምር ማዕከል ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያለ ረጅም ቤት ነው። ስሙን አልናገርም፤ ቤቱ ምን አደረገ። እኔ፣ አስቴር፣ መለኪያ መሣሪያዎቹ ላይ የምሠራ ኬሚስት ነኝ። አጥናፉ ከውጭ አገር ተመልሶ የክፍላችን ኃላፊ ሲሆን በሸሚዙ ኪስ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ብልቃጧ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ግራጫ ጠጠር አለች። ከጨረቃ ተፈንጥራ፣ ስንት ዘመን ጠፈር ላይ ተንከራትታ፣ በረሃ ላይ የወደቀች ድንጋይ ስባሪ ናት። እውነተኛ ናት፤ በዚህ አልወቅሰውም። ጥያቄውም እውነተኛ ነበር። ጨረቃ ደረቅ ናት ሲባል ተኖረ፤ ኋላ ግን ድንጋዮቿ ውስጥ እጅግ ጥቂት ውሃ ታስሮ ሊገኝ እንደሚችል ታወቀ። ድንጋይ ቀልጦ ሲበርድ ክሪስታሎች ያድጋሉ። ክሪስታሎቹ ሲያድጉ ምን ያህል ውሃ ይዘው ይቀራሉ? ይህን የመለሰ ሰው ጨረቃ ድሮ ምን ያህል ውሃ እንደነበራት መገመት ይችላል። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ ደህና ሰው ቢገጥመው።

የሰውየው ነጭ ጋዋን ላይ አንድም ቀን እድፍ አላየሁም፤ የሚነካው ነገር አልነበረምና። ጠዋት ሲገባ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይቆማል፤ አጠገቡ የተገኘ ሰው ጋዋኑን ማልበስ አለበት። ማንም ከሌለ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቃል። ወሬው ሁሉ የሚጀምረው «እኔ ውጭ እያለሁ» ብሎ ነው። ሻይ ቢቀዘቅዝበት «እኔ ውጭ እያለሁ»፣ መብራት ቢጠፋ «እኔ ውጭ እያለሁ»፣ ዘበኛው በር ለመክፈት ቢዘገይ «እኔ ውጭ እያለሁ»። ውጭ ምን ሆነው እንደለቀቁት ግን ነግሮን አያውቅም። «ሳይንስ ትሕትና ነው» የምትል አባባልም ነበረችው፤ የሚናገራት እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ብልቃጧ ከኪስ ትወጣለች። ሁሉም ትንፋሹን እንዲውጥ በእጁ ምልክት ይሰጥና፣ «ይህችን ያዩ ዓይኖች ብፁዓን ናቸው» ይላል። እንግዶቹ ጎንበስ ብለው ያያሉ። አንዳንዱ ሊሳለማት ምንም አይቀረው።

ሽሮ ሜዳ የታክሲ ሰልፍ ላይም አንድ አመል ነበረው። ሰልፉን እየጣሰ፣ «ዶክተር ነኝ፣ አሳልፉኝ» ይላል። ሕዝባችን ደግ ነው፤ ታማሚ ሊያድን የሚሮጥ ሐኪም መስሎት ያሳልፈዋል። አንድ ቀን አብረን ሳለን ከሰልፉ መሐል አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች። «ዶክተር አለ! ዶክተሩ የታሉ?» ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን «የድንጋይ ዶክተር ነኝ» ብሎ አፍሮ ይመለሳል። እሱ ግን ተራመደ፤ የልጅቷን እጅ ያዘ፤ ሰዓቱን አየ፤ ራሱን በሐዘን ነቀነቀና፣ «ውሃ ስጧት» አለ። ውሃ ሰጧት፣ ነቃች። ሰዉ መረቀው። እሱም ምርቃቱን ተቀብሎ ታክሲው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ ማጅራቱን እያየሁ ሰው እንዴት አያፍርም እያልኩ ወረድኩ።

በዚህ ሁሉ ስቄ ላልፈው እችል ነበር። ያላሳለፈኝ ሰብለ ላይ ያደረገው ነው።

ሰብለ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የአቶ ዳና ልጅ ናት። ክፍለ አገር ፊዚክስ ታስተምር የነበረች፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ፈቃድ ወስዳ እኛ ዘንድ የመጣች ልጅ ነበረች። ፈቃዷ ክረምቱ ሲወጣ ያልቃል። እስከዚያ ካልተመረቀች ዲግሪውም ሥራውም የሉም፤ ቦታዋን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበር። አጥናፉ አማካሪዋ ሆነ። ከሌላ አማካሪ ጋር ቢመድቧት ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ሥራዋ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ እንደ ጨረቃ ድንጋይ ያለ ድንጋይ ራሷ መሥራት ነው። ዱቄቶቹን መጥና ትቀላቅላለች፤ ማቅለጫ ምድጃው ውስጥ ፍም እስኪመስል ታቀልጠዋለች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እያበረደች ክሪስታሎቹ እንዲያድጉ ትጠብቃለች። ሲቀልጥ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ትጠነቀቃለች፤ ደረቅ ድንጋይ ነው የሚፈለገው። ሁለተኛው፣ ያንን ደረቅ ድንጋይ ከእውነተኛው የጨረቃ ድንጋይ ጋር ማወዳደር ነው። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ምድጃው በርዶ ሳይጨርስ መብራት ከሄደ ክሪስታል የሚባል ነገር የለም፤ የቀለጠው በአንዴ ይደርቅና ጥቁር የጠርሙስ ስባሪ መስሎ ይቀራል። ጉለሌ ደግሞ መብራት ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም። ስንቱን ጠርሙስ ከምድጃው አውጥታ እንደጣለች እኔ ነኝ የማውቀው። ጄኔሬተር እንዲነሳላት አጥናፉን ስትለምነው፣ «ሰብለ፣ ክሪስታል የሚያድገው በትዕግሥት ነው፤ ሰውም እንደዚያው» ይላታል። ጄኔሬተሩ የሚነሳው የእሱ ቢሮ ውስጥ እንግዳ ሲኖር ነበር።

እንደምንም አሳደገቻቸው። በማይክሮስኮፕ እንዳይ ጠራችኝ። ጥቃቅን፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ጠርዛቸው የጠራ ክሪስታሎች ናቸው። አቅፌ ሳምኳት።

አሁን ስለ ምሳው ልንገራችሁ። ድንጋይ ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን እንደ ጨው እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት ማድረቂያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማድረቂያው የብረት ቁም ሣጥን የሚመስል፣ ሌት ተቀን የሚግል ነገር ነው። እኛ ምሳችንን ሻይ ክፍል ቀዝቃዛውን እንበላለን። አጥናፉ ግን ጨጓራ አለብኝ ይላል፤ ቀዝቃዛ አይስማማውም። ስለዚህ በየቀኑ ረፋዱ ላይ ምሳ ዕቃውን ማድረቂያው ውስጥ ይከታል። ወጡ እንዳያርበትም ግለቱን ይቀንሰዋል። በፍስክ ቀይ ወጥ፣ በጾም ሽሮ፣ የላቦራቶሪው ኮሪደር ሁሉ ከሽታው ያውቀዋል። አንዴ በጨዋ ቋንቋ፣ «ዶክተር፣ የሰብለ ናሙናዎች እዚያ ናቸው» ብዬው ነበር። «አስቴር፣ ክዳን አለው እኮ» አለኝ። ክዳኑ ልቅ ነበር፤ ተናገርኩ፣ ሳቀብኝ። ሰብለ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ምድጃዋ ፊት ናት፤ ማታ መጥታ ስታይ ምሳው ተበልቷል፣ ግለቱም ተመልሷል።

እውነተኛውን የጨረቃ ድንጋይ የምንለካበት ቀን አጥናፉ ከጠጠሯ ላይ ትንሽ ፍንካች እንደ ጠበል ቆጥቦ ሰጠን። ተፈጨ፣ ደረቀ ተባለ፣ መሣሪያው ውስጥ ገባ። ዱቄቱ ሲግል የሚለቀው ውሃ ይለካል። ቁጥሩ ሲወጣ ደነገጥኩ። ሊቃውንት ከሚሉት እጅግ የበለጠ ውሃ ነው። አጥናፉ መሣሪያውን አቀፈው። እኔን አላቀፈኝም፣ ተመስገን።

«ዶክተር፣ ደግመን እንለካው» አለች ሰብለ።

«ግኝት አይደገምም፣ ልጄ። ይበሠራል እንጂ።»

ሳምንት ሳይሞላ በቴሌቪዥን ቀረበ። ብልቃጧን ለካሜራ አሳየ፤ «እኔ ውጭ እያለሁ» ብሎ ጀመረ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ጨረሰ። ጋዜጠኛው የተማሪዎቹን ድርሻ ጠየቀው። «ይረዱኛል» አለ፤ ያቺ ብቻ ነበረች የሰብለ ድርሻ።

በማግስቱ ሰብለ የራሷን ድንጋይ መሣሪያው ላይ ጫነች። ያለ ጠብታ ውሃ በእጇ የሠራችው፣ ከዚያው ማድረቂያ የወጣ ድንጋይ ነው። ቁጥሩን አየችና ወንበሩ ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠች።

«አስቴርዬ፣ ይኼም ውሃ አለው።»

«እንዴት ይኖረዋል? ደረቅ ነው ያደረግሽው።»

«እኮ። እኔ ያላስገባሁት ውሃ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማሰብም አላስፈለገንም። ተያየን፤ ሁለታችንም የማድረቂያውን በር አየን። ከተፈጨ በኋላ ማድረቂያ ያልነካው፣ እሷ በራሷ ምድጃ አድርቃ ያሸገችው ጥቂት ዱቄት ነበራት። እሱን ለካን። ምንም ውሃ የለውም።

ልትነግረው ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። እግሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ዶክተር፣ ውሃው ከድንጋዩ አልመጣም። ማድረቂያው ውስጥ የገባ እንፋሎት ነው። ሦስቱን ልኬት ይዣለሁ።»

ወረቀቱን አልተቀበላትም። «ሰብለ፣ ሚኒስትሩ ደውለው እንኳን ደስ አለህ ብለውኛል። አንቺ አሁን የምትነግሪኝ እሳቸው ተሳስተዋል ነው?»

«እሳቸው ምን ያውቃሉ ዶክተር፣ እ... ማለቴ፣ መሣሪያው ነው የሚለው።»

«መሣሪያው የሚለውን እኔ ነኝ የምተረጉመው። ቁጥሩን እንዳለ ጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢው። ደግሞ ምሳዬን የሳይንስ ጉዳይ አታድርጉት፤ ነውር ነው።»

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ሐሰት ግን በየቀኑ ከብዶ አደረ፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ትምህርት ቤቶች ጋበዙት፣ አንዱ ጋቢ አለበሰው። ሰብለ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨረሰች። ቁጥሩን አስገባችው፤ ከሥሩ ግን ቁጥሩ ለምን እንደማይታመን በሦስቱ ልኬቶች አስረድታ ጻፈች። አጥናፉ ሳያነበው ወደ ፈተና አሳለፈው። አንብቦ ቢሆን ኖሮ አያሳልፈውም ነበር፤ የተማሪ ጽሑፍ ማንበብ ግን ልማዱ አይደለም።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። የጨረቃው ውሃ ይሰማል ተብሎ ሰው ከየቦታው መጥቷል። አቶ ዳና ጋቢያቸውን አጣፍተው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ስትናገር ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሰብለ አስረድታ ስትጨርስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ ጠየቃት።

«እንፋሎት ማድረቂያው ውስጥ ገብቷል ብለሻል። ከየት ነው የገባው?»

«ምሳ ይሞቅበት ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

«የማን ምሳ?»

 ሰብለ ምላስ ላይ የነበረውን ስም እኔ አውቃለሁ። አስተማሪዋን በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነላትም፤ ያሳደጓት እንደዚያ አይደለም። «የአንድ ሰው ነው» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ አጥናፉ ተነሣ። የጋዋኑን ኮሌታ አስተካከለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ያን ቀን የታክሲው ሰልፍ ላይ ያየሁት ነው።

«የራሷ ነው» አለ። «ስንት ጊዜ እንደመከርኳት እግዚአብሔር ያውቃል። ወጣት ናት፣ እለፉላት።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዲህ በአባትነት ድምፅ ሲለከክ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።  ከወንበሬ ተነሥቼ፣ «ምሳው የሷ አይደለም» አልኩ። ሰብሳቢው፣ «ታዛቢ አይናገርም፤ ይቀመጡ» አለኝ። ደግሜ ተናገርኩ፤ ከአዳራሹ አስወጡኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ውሳኔው እንደሚከፋ ገምቼ ነበር፤ ፈታኞቹ ግን ሥራዋን ወደዱት። የጨረቃው ድንጋይ ነገር ይቅር፣ የክሪስታሎቹ ሥራ ብቻውን ይበቃል፤ አስተካክላ፣ አማካሪዋ ፈርሞበት ታስረክብ አሉ። አማካሪዋ ፈርሞበት! አጥናፉ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ስሜን ያጠፋችበት ወረቀት ላይ ስሜን አልጽፍም» አለና ሄደ።

አቶ ዳና ልጃቸው አጠገብ መጡ። «ልጄ፣ ምሳሽን ለምን እዚያ አደረግሽ?» አሏት። አምነውት ነበር።

«እኔ አይደለሁም አባዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አስተማሪዬ ናቸው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቃ፣ እንግዲህ ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው» አሉ።

እኔ ክስ ነበር ያሰብኩት፤ ማመልከቻ፣ ኮሚቴ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ክረምቱ እንደሚወጣ አቶ ዳና ከእኔ ይልቅ ገብቷቸዋል። የአጥናፉ ሰፈር የእድር ዳኛ የሆኑትን አቶ መኩሪያንና በሩ ላይ ሱቅ ያላቸውን ሐጂ ነስሩን ለምነው ላኩ። ሁለቱም በሰፈሩ የሚከበሩ፣ ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ከአጥናፉ ያመጡት መልስ ግን አንጀቴን አሳረረው። ሁልጊዜ «እኔ ውጭ እያለሁ» የሚለው ሰው፣ «ያገሬ ወግ ይከበርልኝ፤ ድንጋይ ተሸክማ መጥታ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ትጠይቀኝ» ብሏል።

«እንዳታደርጊው» አልኳት። «ያላጠፋሽውን ተሸክመሽ ልትገቢ ነው?»

«አስቴርዬ፣ ድንጋይ ስፈጭ ኖሬ በአንድ ድንጋይ ልፈር? ፊርማውን ነው የምፈልገው። ፈቃዴ ሊያልቅ ነው።»

የሄድንበት ቀን ሐምሌ እንደ ሐምሌ ይዘንብ ነበር። ከአጥናፉ በር ላይ፣ ከቦዩ ጠርዝ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሣች። አባቷ ሊያግዟት እጃቸውን ሲዘረጉ አቶ መኩሪያ፣ «አይሆንም አቶ ዳና፤ ራሷ ናት የምትሸከመው» አሏቸው። አቶ መኩሪያም ራሳቸው ደስ እንዳላላቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። አቶ ዳና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። የሴት ልጅ አባት ሆኖ ያንን ማየት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ከጎናቸው ቆሜ ግን ትንፋሻቸውን ሰምቻለሁ።

አጥናፉ ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሰብለ ገብታ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ድንጋዩ ትከሻዋ ላይ ነው፣ የዝናቡ ውሃ በቀሚሷ ላይ ይወርዳል።

«ይማሩኝ ዶክተር።»

ይህ በቂ ነው። በወጉ ተበዳይ ነኝ ያለ ሰው ያኔ ተነሥቶ ድንጋዩን ያወርዳል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። አጥናፉ አልተነሣም።

«በምን እንደበደልሽኝ ተናገሪ» አላት። «ሽማግሌዎቹ ይስሙ።»

ምሳው የእኔ ነበር እንድትል ነው የፈለገው። ሐሰቱን በራሷ አፍ እንድታትምለት። ሰብለ አንገቷን ደፋች፤ አልተናገረችም።  ከድንጋዩ ላይ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ምንጣፉን ያረጥባል። አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝምታው የከበዳቸው ሐጂ ነስሩ ናቸው፤ ነገሩን ለማለዘብ ብለው ይሁን ወይም የምር ቸግሯቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ። «በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰምቼዎት ነበር። ይኼ ድንጋይም ይኸው ያንጠባጥባል። እንደ ጨረቃው ውሃ አለው ማለት ነው?»

አጥናፉ ፈገግ አለ። መጠየቅ ይወድ ነበር። ከኪሱ ማጉያ መስታወቱን አውጥቶ ከሶፋው ጎንበስ አለና ሰብለ ትከሻ ላይ እንዳለ ድንጋዩን አየው። በአውራ ጣቱ ጠረገው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው ሆነ፤ ዓይኑ ሥራ ያዘ፣ ድምፁም ማስመሰሉን ተወ።

«አይ ሐጂ። ይኼ የእንጦጦ ጥቁር ድንጋይ ነው። እነዚህን ነጫጭ ነጥቦች ያያሉ? ክሪስታሎች ናቸው፤ ቀስ ብሎ የበረደ ድንጋይ ነው። ውስጡ ደረቅ ነው። ውሃው የዝናቡ ነው እንጂ የድንጋዩ አይደለም። ከውጭ የነካውን ውሃ ከውስጥ የወጣ ነው ማለት የጀማሪ ስሕተት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መጀመሪያ የገባው ለራሱ ነው፤ ማጉያውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ አቶ ዳና ጋቢያቸውን ከፊታቸው ላይ አወረዱ። 

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር፣ ዶክተር» አለች ሰብለ፣ አንገቷን እንደደፋች።

ሐጂ ነስሩ አቶ መኩሪያን አዩአቸው። አቶ መኩሪያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ድንጋዩን ከሰብለ ትከሻ በሁለት እጃቸው አወረዱትና አጥናፉ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ተነሺ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ «ዶክተር፣ እኛ የምንፈርደው በሰማነው ነው። ሰምተናል። እንግዲህ ማን ማንን ይቅር እንደሚል እርስዎ ይንገሩን» አሉት።

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው ብዬ ነበር፤ ለአንዲት አፍታ፣ እውነት ልናገር፣ እንዲናገር ተመኘሁለት። አንዲት ቃል ብትወጣው ኖሮ ያን ሁሉ ንቀት እዚያው ምንጣፉ ላይ ጥዬ እወጣ ነበር። እሱ ግን ማጉያውን ኪሱ ከተተ፤ ብዕር አወጣ፤ ሰብለ ከፕላስቲክ ከረጢት ያወጣችውን ጽሑፍ ድንጋዩ አጠገብ ተቀብሎ ፈረመበት። ከዚያ፣ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል» አለ።

ሰብለ ፈቃዷ ሳያልቅ ተመርቃ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። እሱ በቴሌቪዥን ያለውን አንድም ቀን አላስተካከለም፤ ከዚያ በኋላም ብልቃጧን ለእንግዳ ማሳየቱን አልተወም። ባለማወቅ የሚሳሳት ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ስማቸውንም አላስታውስ። አጥናፉም ሳያውቅ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። ያውቅ ነበር።